ሽሮ ውስጥ ባቄላ ይግባ ወይስ አይግባ?

በዐቢይ ጾም አንድ ማታ በመኝታ ክፍላችን የተነሣ ክርክር እስከ እኩለ ሌሊት ሳያስተኛን ቀረ። የክርክሩ መነሻ ፖለቲካ አልነበረም፤ ፈተናም አልነበረም። እናቴ ከደሃና በመጣ ሰው እጅ የላከችልኝ አንድ ቋጠሮ ሽሮ ነበር። ሽሮውን ሠርቼ ለጓደኞቼ ባቀርብላቸው፥ ከአድአ የመጣው ወዳጃችን አንድ ጊዜ ጐረሰና «ይኸ ነገር ባቄላ አለበት» አለ። አዎን፥ አለበት አልሁት። «እንግዲያስ ይኸ ሽሮ አይደለም፤ የባቄላ ገንፎ ነው» ብሎ እጁን ሰበሰበ።

የጐንደሩ ልጅ ቀበል አድርጎ «እውነተኛው ሽሮ የአተር ነው፤ ሽምብራም ቢሆን ከችግር የመጣ ነው» አለ። አድአ ተቈጣ። በዚህ ጊዜ እስካሁን ዝም ብሎ ይበላ የነበረው የጐጃሙ ልጅ ቀና ብሎ «እኛ ቤት ጓያም ይገባል፤ እኔም ይኸው ቆሜ እሄዳለሁ» ሲል ሳቅን። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ጓያ የሚለው ቃል በእኔ አገር ብቻውን አይነሣም፤ ሁልጊዜ ሌላ ቃል አስከትሎ ይመጣል።

አንባቢ ሆይ፥ ነገሩ የሆድ ጉዳይ ነው ብለህ አትለፈው፤ አንቺም እኅቴ ገጹን አትግለጪው። በዚህ ግቢ ውስጥ ስንኖር ከማናቸውም መጽሐፍ ይልቅ በየቀኑ የምንገናኘው ከሽሮ ጋር ነው። ስለዚህ ስለ ባቄላው የተነሣውን ክርክር በመጀመሪያ፥ ስለ ጓያው ደግሞ በኋላ፥ መርምሬ ያገኘሁትን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

ሽሮ ማለት ምንድን ነው?

ክርክሩ የሚጀምረው ከስሙ ስለ ሆነ እኛም ከስሙ እንጀምር። ሽሮ የእህል ስም አይደለም። ጤፍ፥ ገብስ፥ ሽምብራ የእህል ስሞች ናቸው፤ በማሳ ላይ የሚበቅል ሽሮ የሚባል ቡቃያ ግን ማንም አይቶ አያውቅም። ሽሮ የሥራ ስም ነው። ጥራጥሬው ይለቀማል፥ ይታጠባል፥ ለስለስ እስኪል ይነከራል ወይም በጥቂቱ ይገነፍላል፤ ከዚያ በምጣድ ይታመሳል፥ ይከካል፥ ገለባው በሰፌድ ተነፍቶ ይወጣል፤ ክኩ ደርቆ ይፈጫል። እንዲሁ የተፈጨው ነጭ ሽሮ ይባላል። ከበርበሬ፥ ከነጭ ሽንኩርት፥ ከዝንጅብል፥ ከበሶብላ፥ ከኮረሪማ፥ ከአዝሙድና ከጤና አዳም ጋር ተመጥኖ የተፈጨው ደግሞ ምጥን ሽሮ ነው። ድስት ላይ ከወጣም በኋላ ቀጥኖ ሲሠራ ፈሰስ፥ ጠንክሮ ሲሠራ ተጋቢኖ፥ ሥጋ ሲገባበት ቦዘና እየተባለ ይጠራል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ስሙን የሚሰጠው ሥራው እንጂ ዘሩ አይደለም። ጠላን እንመልከት። የገብስ ጠላ አለ፥ የማሽላ ጠላ አለ፥ የዳጉሳም የበቆሎም ጠላ አለ፤ ሁሉም ጠላ ነው። እንጀራም እንዲሁ ነው። በዋግ ቈላ የማሽላ እንጀራ የሚበላውን ሰው «ይኸ እንጀራ አይደለም» ቢሉት ሞሰቡን ዘግቶ ይነሣል እንጂ አይከራከርም። እንግዲህ የጠላና የእንጀራ ስም ለብዙ እህል ከበቃ፥ የሽሮ ስም ለባቄላ የማይበቃበት ምክንያት ምንድን ነው?

የሦስቱ ወገኖች ሙግት

ይሁን እንጂ ወዳጄን አድአን ያለ ፍርድ መርታት አይገባም። የሽምብራ ወገን የሚናገረው በጭፍን አይደለም። የሽምብራ ዱቄት በፈላ ውሃ ላይ ሲነሰነስ ይፈካል፤ ሲንተከተክ ልስልስ ይላል፤ ዘይቱን ወደ ላይ ያወጣል፤ ቀለሙም ደስ ያሰኛል። በአዲስ አበባ ምግብ ቤቶች በሸክላ ድስት እየተንተከተከ የሚቀርበውና በውጭ አገርም «የኢትዮጵያ ሽሮ» ተብሎ የሚታወቀው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው የሽምብራው ነው።

የአተር ወገን ደግሞ ጣዕሙን ያነሣል። አተር ሲታመስ መዓዛው የጐረቤት ቤት ይደርሳል፤ ወጡም ጣፈጥ ይላል። ባልትና የሚያውቁ ሴቶች ብዙውን ጊዜ አተርንና ሽምብራን አብረው ይመጥናሉ፤ አንዱ ለጣዕም፥ ሌላው ለመፍካት ነው ይላሉ።

የባቄላ ተቃዋሚዎች ክስም ሦስት ነው። አንደኛ፥ ሆድ ይነፋል። ሁለተኛ፥ ያረጀ ባቄላ ወጡን ያጠቁረዋል፥ ምሬትም ይሰጠዋል። ሦስተኛ፥ ብዙ ጊዜ ዋጋው ረከስ ስለሚል ነጋዴ ሚዛን ለመሙላት ይጨምረዋል። ከእነዚህ ሁለቱ እውነት መሆናቸውን አልክድም፤ ነገር ግን መድኃኒት አላቸው። አዲስ ባቄላ ተመርጦ፥ ተነክሮ፥ ገለባው በደንብ ከወጣ መጥቆሩም መምረሩም በጣም ይቀንሳል። ሆድ መንፋቱን በተመለከተ ሽምብራም ከደሙ ንጹሕ አይደለም፤ በአንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሆነን የምናድር ሰዎች ይኸን እናውቃለን። ሦስተኛው ክስ ግን በባቄላው ላይ ሳይሆን በነጋዴው ላይ የሚቀርብ ነው፤ እሱን በኋላ እንመለስበታለን።

ባቄላ ደግሞ በአገራችን ማዕድ ላይ እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ በባቄላ ምርት ከቻይና ቀጥላ በዓለም ሁለተኛዋ አገር ናት። በጾም ወራት ከሰናፍጭና ከሱፍ ጋር የሚቦካው ስልጆ የባቄላ ነው። አሹቁ፥ ንፍሮው፥ ቆሎው፥ የከተማው ፉል ሁሉ የእሱ ነው። በእነዚህ ሁሉ ተከብሮ ሲኖር ሽሮ ደጃፍ ሲደርስ ብቻ ተመለስ መባሉ ያሳዝናል።

የሚወስነው አገሩ ነው

በዚያች ማታ ያላስተዋልነው አንድ ነገር ነበር፤ ይኸውም እያንዳንዳችን የተከራከርነው ስለ ሽሮ ሳይሆን ስለ አገራችን አፈር መሆኑን ነው።

ባቄላና አተር የደጋ ሰዎች ናቸው። ብርዱን ይችላሉ፤ በክረምቱ ዝናብ ተዘርተው በመኸር ይሰበሰባሉ። ሽምብራና ጓያ ግን ሌላ ጠባይ አላቸው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል በጥቁር መሬት ላይ ተዘርተው፥ አፈሩ ቋጥሮ ባስቀረው እርጥበት ብቻ በፀሐይ ይበቅላሉ። ስለዚህ ጥቁር የመረሬ አፈር የተዘረጋበት የአድአ ወይና ደጋ የሽምብራ አገር ሆነ። የደሃና ደጋ ደግሞ ገደልና ተረተር የበዛበት፥ ገብስና ባቄላ የሚስማማው አገር ነው። ከአምደ ወርቅ ገበያ ወጥቶ ወደ ደጋው የሚወጣ ሰው ሲሄድ የሚያየው ማሳ ይኸን ያስረዳዋል።

አንድ ጊዜ አያቴን «ለምን ሽምብራ አትጨምሪበትም?» ብዬ ጠይቄያት ነበር። መልሷ አጭር ነበር፤ «ልጄ፥ ያላበቀልሁትን ከየት አምጥቼ ልፍጭ?» አለችኝ። ለእርሷ ሽምብራ ከቈላው ጫፍ በአህያ የሚመጣ፥ በጨው ወይም በማር ሽያጭ ገንዘብ የሚገዛ የገበያ ዕቃ ነበር። ባቄላው ግን ከደጃፏ ነው። እንግዲህ የአያቴ ሽሮ ሐሰተኛ ከሆነ፥ ሐሰተኛ የሆነው ደሃና ነው ማለት ነው።

ጥንታዊው የትኛው ነው?

«ባህላዊው»፥ «ጥንታዊው» የሚለው ቃል በክርክራችን ውስጥ እንደ ዱላ ይወናጨፍ ነበር። እስቲ ዱላውን ተቀብለን እንየው።

ሽምብራ በአገራችን ረዥም ዕድሜ እንዳለው አይካድም። ከጣና ሐይቅ ምሥራቅ በኩል በምትገኝ አንዲት ዋሻ ዮአና ዶምብሮቭስኪ የተባለች ተመራማሪ ባደረገችው ቍፋሮ፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ዓመት ገደማ የሚገመት ገብስ፥ ሽምብራና ሌላም ጥራጥሬ ተገኝቷል። እንግዲህ ሽምብራ ቢያንስ 2500 ዓመት ያህል አብሮን ኖሯል። ነገር ግን መነሻው እኛ ዘንድ አይደለም፤ ሽምብራም ባቄላም አተርም በመጀመሪያ የተለመዱት በመካከለኛው ምሥራቅ አገሮች ነው። ሁሉም እንግዶች ናቸው፤ ልዩነቱ ማን ቀድሞ ገባ የሚለው ብቻ ነው።

ከዚህም የበለጠ የሚያስደንቀው የበርበሬ ነገር ነው። በርበሬ የአሜሪካ ተክል ነው። ኮሎምቦስ እ.ኤ.አ. በ1492 ወደዚያ ሳይሻገር በፊት በአፍሪካም በእስያም በአውሮፓም ማንም አያውቀውም ነበር። ስለዚህ ከ16ኛው መቶ ዘመን በፊት የነበሩ ነገሥታትና መነኰሳት፥ ላሊበላን ያነፁትም ጭምር፥ በርበሬ የገባበት ሽሮ አንድ ቀን አልቀመሱም። ዛሬ ያለ እሱ ሽሮ አይሆንም የምንለው ቀይ ምጥን ራሱ ትናንት የመጣ ነው። በርበሬን የተቀበለ ማድጋ ባቄላን ንቆ ሊመልስ አይችልም።

እውነተኛ የአገር ልጅ ፈልጉ ከተባለ፥ አንድ አለ። በደቡብ ትግራይና በሰሜን ወሎ የሚበቅል ደቆቆ የሚባል ጥቃቅን አተር ነው፤ በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ ያገሬ አተር ይባላል። ይኸ ዓይነት አተር ከኢትዮጵያና ከየመን በቀር በሌላ አገር አይታወቅም። ሽሮው እጅግ ስለሚጣፍጥ በገበያ ከሌላው አተር በላይ ያወጣል። የጥንታዊነት ዳኝነት ቢኖር ዘውዱን የሚጭነው ይኸው የዋግ ጐረቤት ነው፤ ነገር ግን የአድአም የጐንደርም የደሃናም ልጅ በዚያች ማታ ስሙን እንኳ አላነሣውም።

እንዲህ ያለው ጠብ የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የቴክሳስ ግዛት ቺሊ የሚባል የበሬ ሥጋና የበርበሬ ወጥ አለ። የግዛቱ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1977 የቴክሳስ ምግብ ብሎ ዐወጀው። በዚያ አገር ቺሊ ውስጥ ቦሎቄ የጨመረ ሰው እንደ ከሓዲ ይቈጠራል፤ ውድድር የሚያዘጋጀው ማኅበራቸውም በደንቡ ቦሎቄን ይከለክላል። ነገር ግን በዚያው አገር ብዙ ቤተ ሰብ ሥጋው እንዲበረክት ቦሎቄ ሲጨምር ኖሯል። ጠቡ ከእኛው ጋር አንድ ነው። ሙሉ ኪስ ያለው ሰው ያለ መጨመሪያ ይበላል፤ ኪሱ የጐደለው ይጨምራል፤ ከዚያ የመጀመሪያው የራሱን «ባህላዊ» ብሎ ይጠራል።

ከባቄላው ይልቅ የሚያሳስበው

እስከዚህ ድረስ የተናገርሁት በሳቅ ሊነገር የሚቻል ነው። አሁን የጐጃሙ ልጅ ወዳነሣው ቃል እንመለስ።

ጓያ ድርቅን የሚችል ጥራጥሬ ነው። ዝናብ ቢቀርበት ይጸናል፤ ውሃ ቢተኛበትም አይሞትም፤ ሌላው ሰብል ሲከዳ እሱ ይቀራል። በዚህም ምክንያት የድኻ ገበሬ ዋስ ነው። ነገር ግን በፍሬው ውስጥ ተመራማሪዎች ኦ.ዲ.ኤ.ፒ. እያሉ በአሕጽሮት የሚጠሩት መርዝ አለ፤ የሕንድ ሊቃውንት ለይተው ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ሰው ሌላ እህል አጥቶ ለሁለትና ለሦስት ወራት ጓያን ዋና ቀለቡ ያደረገ እንደ ሆነ፥ መርዙ እግርን የሚያዝዘውን ነርቭ ይጎዳል። አንዳንዱ ማታ ደኅና ተኝቶ ጠዋት ሲነሣ እግሩ እንደ እንጨት ደርቆ ያገኘዋል። አእምሮው ደኅና ነው፤ እጁ ደኅና ነው፤ እግሩ ግን ዳግመኛ አይመለስም። ሐኪሞች የጉዳቱን ደረጃ ሲከፍሉ በበትር ይቈጥሩታል፤ ያለ በትር የሚያነክስ፥ በአንድ በትር የሚሄድ፥ በሁለት በትር የሚሄድ፥ በመጨረሻም የሚድኽ ይሉታል። ይበልጥ የሚጠቁትም ወጣት ወንዶች ናቸው፤ ይኸም ማለት በእኛ ዕድሜ ያሉ ማለት ነው።

በሽታው በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ምን ያህል እንደ ተስፋፋ በደምቢያና በፎገራ ወረዳዎች ያጠኑት ሐኪም ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ናቸው፤ ጥናታቸው እ.ኤ.አ. በ1990 ታትሟል። ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት በወሎ በደላንታ ዳውንት ድርቅ ደረሰ። ሌላው ሰብል ጠፍቶ ጓያው ብቻ ስለ ቀረ 2000 ያህል ሰዎች ሽባ ሆኑ። ከደሃና ወደ ደቡብ ሲታይ ይኸ ሩቅ አገር አይደለም።

በአምደ ወርቅ ገበያ ጨውና በርበሬ ዘርግተው የሚሸጡ፥ በሁለት በትር የሚሄዱ አንድ ሰው አውቃለሁ፤ ትውልዳቸው ከደላንታ ነው። በልጅነቴ ስላልገባኝ «ጋሼ፥ ጓያ እንደሚጎዳ አያውቁም ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ቈጣ ይላሉ ብዬ ስፈራ፥ በርበሬያቸውን እያስተካከሉ «እናውቅ ነበር እንጂ» አሉኝ። «ታዲያ ለምን በሉት?» ብላቸው፥ «ያን ዓመት ሌላ ምን ነበረ፥ ልጄ?» አሉ። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው «ገበሬው ባለማወቅ ነው የሚጎዳው» ሲል ስሰማ እኒያ ሰው ፊቴ ይደቀናሉ።

ሽሮው ይጎዳል ወይስ አይጎዳም?

ታዲያ የጐጃሙ ወዳጃችን ጓያ ያለበት ሽሮ በልቶ ቆሞ መሄዱ እንዴት ነው? እዚህ ላይ የዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁንና የቤልጅጉ ሊቅ የፈርናንድ ላምበይን ጥናት መልስ ይሰጠናል። እነዚህ ሰዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በደላንታ የተጎዱትንና ያልተጎዱትን አነጻጽረው መረመሩ። ያገኙት ነገር የሚገርም ነው። የጉዳቱን አደጋ ያበዛው ጓያውን በቆሎ፥ በንፍሮና በጥሬው እሸት መብላት ነው። በቂጣ፥ በቦካ እንጀራና በወጥ መልክ የበሉት ላይ ግን አደጋው ሲጨምር አልታየም። እንዲያውም እንደ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ያሉ ቅመሞች ከገቡበት ወጥ ጋር የበሉት ከሌሎቹ ይልቅ ተጠብቀው ተገኝተዋል። ከጤፍ፥ ከገብስና ከሌላም እህል ጋር በብዛት ተቀላቅሎ ሲበላም አደጋው ይቀንሳል።

ምክንያቱ ምንድን ነው ቢባል፥ ከፊሉ በዝግጅቱ ነው። መርዙ በውሃ የሚሟሟ ስለ ሆነ ጓያው ተነክሮ ወይም ገንፍሎ ውሃው ሲደፋ ጥቂት የማይባለው አብሮ ይሄዳል። ከፊሉ ደግሞ በምግቡ ስብጥር ነው። ጓያ ድኝ ያለባቸው የፕሮቲን ክፍሎች ያንሱታል፤ ጤፍና ሌላው እህል ግን አላቸው፤ ሲደባለቁ የአንዱን ጕድለት ሌላው ይሞላዋል። አያቶቻችን ነክረው፥ ውሃ ደፍተው፥ ገለባ አውጥተው፥ ቅመም መጥነው፥ በእንጀራ ሲበሉ የሠሩት ሥራ ከላቦራቶሪው ጋር የሚስማማ ሆኖ ተገኘ። በአንዳንድ አገር «ጓያ ሲቀቀል እንፋሎቱ ይመታል» ይባላል። እንፋሎቱ አይመታም፤ የሚመታው የተበላው ነው። ቢሆንም ወሬው ሰዎች ጓያን በጥንቃቄ እንዲይዙት አድርጓልና ከቶ ከንቱ ነው አልልም።

በዚህ ረገድ የእስፓኝን ነገር ማንሣት ይገባል። በላ ማንቻ አገር ጋቻስ የሚባል ወጥ አለ፤ የሚሠራውም ከጓያ ዱቄት፥ ከነጭ ሽንኩርትና ከቀይ በርበሬ ነው። ሽሮ ነው ብትሉ አልተሳሳታችሁም። እ.ኤ.አ. በ1811 እና በ1812 በማድሪድ ረኃብ በገባ ጊዜ ሕዝቡ በጓያ ገንፎ ነፍሱን አቆየ፤ ብዙዎችም ሽባ ሆኑ። ጎያ የተባለው ሠዓሊ አንዲት ሴት እግሯን ዘርግታ ወድቃ፥ ሌሎች ዙሪያዋን ገንፎውን ሲቃሙ የሚያሳይ ሥዕል ትቶልናል። መንግሥቱ ጓያን ለሰው ምግብነት በ1967 ከለከለ፤ ሰዉ ግን ጋቻሱን አልተወም። በመጨረሻ በ2018 አልፎ አልፎ፥ ከተሰባጠረ ምግብ ጋር የሚበላ የጓያ ዱቄት እንደማይጎዳ ታምኖበት ክልከላው ተነሣ። አንድ ዱቄት ነው፤ በጠገበ ሰው ገበታ ላይ ሲቀርብ ልዩ ምግብ፥ በተራበ ሰው ገበታ ላይ ብቻውን ሲቀርብ የእግር እሥራት ይሆናል።

ምን እናድርግ?

ከዚህ ሁሉ የምደርስባቸው ሐሳቦች ሦስት ናቸው።

አንደኛ፥ ባቄላ ሽሮ ውስጥ ይገባል። በደጋው አገር ሁልጊዜ ገብቶ ኖሯል፤ የሽምብራ ሽሮ የበለጠ ይጣፍጠኛል ማለት ግን የማንም ሰው መብት ነው፤ በምላስ ላይ ዳኛ አይሾምም።

ሁለተኛ፥ የሚገባው ምንም ይሁን ምን፥ ገዢው ማወቅ አለበት። እናቴ የላከችልኝ ሽሮ ውስጥ ምን እንዳለ አውቃለሁ፤ በስልክ ብጠይቃት እየቈጠረች ትነግረኛለች። እዚህ ከተማ በፌስታል ተቋጥሮ የምንገዛው ዱቄት ውስጥ ግን ምን እንዳለ የሚነግረን ሰው የለም። አንድ ጊዜ እኔና የክፍል ጓደኛዬ «ንጹሕ የሽምብራ» ተብሎ የተሸጠልንን ገዝተን ብናበስለው እንደ ጭቃ ሆኖ ቀረ፤ ሻጩን ብንጠይቀው «ወፍጮ ቤቱን ጠይቁ» አለን፤ ወፍጮ ቤቱም ወደ ሻጩ መለሰን። ጥቂት ጓያ ተደባልቆበት ቢሆን እንኳ የተሰባጠረ ምግብ የሚያገኝ ተማሪ በዚያ ሽባ አይሆንም፤ በከንቱ መሸበር አይገባም። ነገር ግን ምግቡ በወር መጨረሻ ሽሮ ብቻ የሚሆንበት ሰው በመካከላችን መኖሩን እናውቃለን። ስለዚህ የተማሪዎች ማኅበራችን የሚከተለውን ቢያስብበት እላለሁ፤ ከየክፍሉ ጥቂት ጥቂት አዋጥተን ጥሬውን ጥራጥሬ በጅምላ ገዝተን፥ ራሳችን ለቅመን፥ ነክረንና አምሰን ብናስፈጭ፥ ዋጋውም ይቀንሳል፥ የሚገባበትም ይታወቃል። ባልትና የሴቶች ብቻ ነው የሚሉ ወንድሞቻችንም በዚያው ምጣድ ማማሰል ይማራሉ።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው፥ ጓያን መርገም ጥቅም የለውም። የደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር ማእከል መርዙ ያነሰበትን ዋሴ የተባለ ዝርያ ለገበሬ አውጥቷል፤ ይኸ መልካም ጅምር ነው። ነገር ግን ገበሬው ጓያ የሚዘራው ክፉ ነገር ወድዶ አይደለም፤ ሌላው ሁሉ ሲከዳው እሱ ስለማይከዳው ነው። ዋግ ኽምራ የ1977ን ረኃብ አይቷል፤ የ2008ን ድርቅ አይቷል፤ ከዚያም ወዲህ ጦርነቱን አይቷል። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2015 የሕፃናትን መቀንጨር በ2030 ለማስቀረት የገባው ቃል ኪዳን «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» የተባለው በከንቱ አይደለም፤ ሥራውም የተጀመረው በተከዜ ተፋሰስ ወረዳዎች ነው። የአገሬ ስም በእንዲህ ያለ ሰነድ ራስጌ ላይ ሲጻፍ ደስም ይለኛል፥ ያሳዝነኛልም። ቃሉ ከተፈጸመ፥ በደሃናና በደላንታ ያለ ልጅ ጓያን የሚበላው ሌላውን ሁሉ አጥቶ ሳይሆን ከሌላው ጋር መጥኖ ይሆናል ማለት ነው።

ወደዚያች ማታ ልመለስና ልፈጽም። አድአ እጁን ሰብስቦ ብዙ አልቆየም። እኛ ስለ ጓያ ማውራት ስንጀምር፥ ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ቆየና፥ እንጀራውን ቈርሶ ወደ ሳሕኑ ተመለሰ። «ታዲያ ገንፎ ነው አላልህም?» ብለው፥ «አሁንም ገንፎ ነው፤ ግን አታሳልቀው» አለኝ። ቋጠሮው በሁለት ሳምንት ውስጥ አለቀ። ለእናቴ ስደውልላት «ጓደኞችህ ወደዱት ወይ?» አለችኝ። አንዱ ባቄላ አለበት ብሎ ተጣላ አልኋት። ጥቂት ዝም አለችና «በሚቀጥለው ለእሱ ጥቂት ሽምብራ ገዝቼ እጨምርበታለሁ፤ እንግዳ ሰው ነው» አለች።